በሰኔ ሙሉ ጆንያ

የሰኔ ሚካኤል በዋለ ማግሥት፣ ጠዋት፣ ቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሦስት ሬሳ አየሁ። ሁለቱ የአብነት ተማሪዎች ነበሩ፤ ከጎጇቸው ወለል ላይ ደበሏቸውን እንደለበሱ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሦስተኛዋ እማሆይ ጸሐይነሽ ነበሩ፤ ግድግዳ ተደግፈው እንደተቀመጡ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ሳይወድቅ።

ሳጅን ደሳለው እባላለሁ፤ የወረታ ፖሊስ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ፒክአፕ የምነዳውም እኔው ነኝ። የመኪና አደጋ አይቻለሁ፤ በድንበር ተጣልተው የተገዳደሉ ወንድማማቾችንም አንስቻለሁ። ያን ዕለት ግን ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እነዚህን ልጆች ትናንት እዚሁ ግቢ ሲያሸበሽቡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

አለቃዬ ኢንስፔክተር ማርያማዊት አማተበች። የቄስ ልጅ ናት፤ ያደገችው እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ድንጋይ ላይ ወደተቀመጡት የልጆቹ አስተማሪ ዞረች።

«መሪጌታ፣ ማታ ምን በሉ?»

«ሩዝ ነው ልጄ» አሉ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት። «የዝክሩ እንጀራ ለእንግዳው አልበቃ አለ። እኛ የግቢዎቹ ጦማችንን ከምናድር ብለን ዕቃ ቤት የነበረውን ጆንያ ፈታን። እኔ ሆዴን ስላመመኝ አልቀመስኩም። የቀሩትን ተማሪዎች አሁን ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ይትረፉ አይትረፉ እንጃ።»

«ጆንያውን ማን ሰጣችሁ?»

«የስለት ነው። ከበዓሉ በፊት አንድ ጠዋት በሩን ስንከፍት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ አገኘነው። ስለት ያስገባ ሰው ስሙ አይጠየቅም፤ አንቺም ይህን ታውቂያለሽ።»

ማርያማዊት ታውቃለች። ስለታቸውን ሲያስገቡ ሰው እንዳያያቸው ተሸፋፍነው የሚመጡ ስንት አሉ! ጆንያውን ገለበጥነው። በሰማያዊ ቀለም «ደሞዝ ሩዝ መፈልፈያ ወረታ» ይላል።

ከኋላችን ኡኡታ ተሰማ። ከሞቱት ልጆች አንዱ ይሄይስ ይባላል፤ አባቱ ሰውመሆን እዚያው ቁሐር የሚያርስ ገበሬ ነው። ደረቱን እየደቃ ገባ። «ባለፈው ሳምንት በሬዬን፣ ዛሬ ልጄን! ምን አድርጌህ ነው ሚካኤል?» ይላል። ንብረት የሚባለው ጎረቤቱ ከወገቡ ይዞ ሊያነሣው ይታገላል፤ እሱም ራሱ ያለቅሳል። ንብረት የቀበሌው የዘር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ጎርፍ ማሳቸውን ላጠበባቸው ሰዎች የመጣውን የእርዳታ ዘር ያከፋፈለው እሱ ነው። ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያይ ጮኸ።

«ደሞዝ! ሰምታችኋል ሰዎች? በነቀዝ መርዝ ያሸውን ሩዝ ለሚካኤል ዝክር ላከልን!»

እንዲህ ዓይነት ወሬ እግር አይፈልግም። እኛ ወረታ ስንመለስ ከደብረ ታቦር መገንጠያው እስከ ገበያው ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

*

የመፈልፈያውን ባለቤት ደሞዝን ያሰርነው ወንጀለኛ ነው ብለን ብቻ አይደለም፤ ሰው ከነነፍሱ ሊበላው ስለደረሰ ነው። የመፈልፈያው ቆርቆሮ በድንጋይ ተበሳስቷል። ደሞዝ ከነመፈልፈያው ብናኝ፣ ቅንድቡ ነጭ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል፤ ይዋሻል ወይስ እውነት ይናገራል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየው ነበር።

«ጆንያዬ እኮ በየቤቱ ነው» አለ። «ሰው ጭድ ይጭንበታል፤ ጣራ ይደፍንበታል፤ ዶሮ ይከድንበታል። ጆንያ ባየ ቁጥር ሰው የሚታሰር ከሆነ ፎገራን ሙሉ እሰሩዋ!»

«መድኃኒት ትጠቀማለህ?»

«ለአይጥ ድመት አለኝ፤ ሌላ ምንም የለኝም። ኧረ እናቴ ትሙት!»

የሆስፒታሉ ሐኪም በስልክ የነገረን አጭር ነበር፦ የተባይ ወይም የዘር መድኃኒት ነው፤ ከሚበላ እህል ጋር ሊደባለቅ የማይገባው። የተረፈ ሩዝ ካለ ማንም እንዳይነካው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ገበያው የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው በሰኔ፣ ጎተራ ሲራቆት፣ ከወረታ ሩዝ ጭኖ ወደየመንደሩ እየወሰደ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ስለ ሞቱት ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። ከይፋግ፣ ከአክስቱ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ጎትተን አወጣነው።

«ለምን ሸሸህ?» አለችው ማርያማዊት።

«ደሞዝን ያየ ይሸሻል እኮ እትዬ! ቁሐር የገባው ሩዝ የኔ ነዋ። ማን ጠይቆ ይወግረኛል? መጀመሪያ ይወግረኛል፣ ኋላ ይጠይቃል።»

መልሱ እንዳያስቀኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ሁለት ሰው አስረናል፤ ሁለቱም እውነት ይመስላሉ፤ ሦስት ሬሳ ደግሞ ቀባሪ ይጠብቃል።

*

ትሕትና የምትባለውን ልጅ ያስጠራችው ማርያማዊት ናት። ልጅቷ ከባሕር ዳር የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ወረታ ተከራይታ፣ የፎገራ ሩዝ ከየት ተነሥቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ሞዴል ትሠራለች። እኛ ፖሊሶች «የጆንያ ጠባቂ» እያልን እንቀልድባት ነበር። የሩዝ መሄጃ ለማወቅ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል? መኪናውን ከኋላ መከተል ነው እንጂ።

ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችን። ክብ ክቦቹ ቦታዎች ናቸው፤ መንደር፣ መፈልፈያ፣ መጋዘን፣ ገበያ። መስመሮቹ መንገዶች ናቸው፤ ብዙ ሩዝ የሚሄድበት ይወፍራል፣ ትንሽ የሚሄድበት ይቀጥናል። ወር ስትቀይር መስመሮቹ ይገለበጣሉ። በጥር ሩዙ ከመንደር ወደ ወረታ ይጎርፋል፤ ከወረታ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ይወጣል። በሰኔ ግን ከወረታ ወደ መንደር የሚመለስ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል።

«ይቺ የገበያው ናት» አለች ትሕትና በጣቷ እያሳየች። «ግን እዩ። ገበያው የጫነው ሩዝ ቁሐር ብቻ አልገባም፤ ይፋግም ገብቷል። ደሞዝ የፈለፈለው ደግሞ ደብረ ታቦርም ጎንደርም ደርሷል። መርዙ እነሱ ጋ ቢሆን ኖሮ በሽታው በእነዚህ መስመሮች ሁሉ ላይ መታየት ነበረበት።»

«ታይቷል?» አልኳት።

«ሐኪሞቹን ጠይቄያለሁ፤ የትም የለም። የታመመው አንድ ግቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሩዝ በእኔ መስመሮች አልሄደም።» ፊቷ ቀላ። «ዓመት ሙሉ የሠራሁት ነገር ላይ የለም ማለት ነው። የሚሸጥና የሚገዛውን ነበር የምከታተለው፤ ለስጦታ መስመር አልሠራሁለትም።»

ማርያማዊት ለምርመራ ካስቀረነው ሩዝ በጓንት ጥቂት ዘግና መስኮት ዳር ሄደች። መዳፏ ላይ እያሸች ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ደሳለው፣ ና እይ። ጫፉ ተሰባብሯል፤ እብቁም አልለቀቀም። ይህ ማሽን ያየው ሩዝ አይደለም፤ ሙቀጫ ያየው ነው።»

«ማሽን ደጁ እያለለት ማን ይወቅጣል?» አልኩ።

«እንዲታይበት የማይፈልግ ሰው።» ወደ ትሕትና ዞረች። «በሰኔ ቁሐር ውስጥ ሙሉ ጆንያ ያልተፈለፈለ ሩዝ ያለው ገበሬ ስንት ነው?»

ትሕትና ሞዴሉን ደጋግማ ነካካች። «ማንም የለውም። ከሞዴሉ ውጭ በሰኔ ወደ ቁሐር የገባ ያልተፈለፈለ ሩዝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም...»

አልጨረሰችውም። ለሁላችንም ገባን። እሱም ዘሩ ነው። ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ታሽቶ፣ ሰውም እንዳይበላው ሮዝ ቀለም ተቀብቶ የመጣው የእርዳታ ዘር።

«ግን ያገኘነው ሩዝ ነጭ ነው!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

«የታጠበ ነጭ ነው» አለች ማርያማዊት። ድምጿ ተቀይሮ ነበር። «ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስለት ካለው ላይ ተቀንሶ ይሰጣል እንጂ ያለው ሁሉ አይሰጥም። የቀረው ሩዝ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ካላገኘነው ነገ ስንት ሬሳ እንደምናነሣ እንጃ።»

*

ቁሐር ስንደርስ ቀብሩ እያለቀ ነበር። ንብረት ከሬሳ ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ አፈሩንም ሲመልስ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኗል። ማርያማዊት በሰው መሐል አልፋ ሰውመሆን ጎን ተንበረከከች። የልጁ መቃብር ላይ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ያስደነግጠኛል።

«አያ ሰውመሆን፣ ይቅር ይበሉኝ። በሬዎ የት ነው ውሃ የጠጣው?»

ያበደች መስሎት አያት። ቢሆንም መለሰላት። «ከንብረት ጓሮ በታች ካለችው ኩሬ። እባብ ነው አሉኝ። ምነው?»

ብድግ አለች። ወደ መኪናው ስትሮጥ ተከተልኳት።

የንብረት ግቢ ውስጥ ሰው አልነበረም። ኩሬዋ ዳር ያለው ሣር ክው ብሎ ደርቋል፤ በሰኔ፣ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ። አጥሩ ላይ የተሰጣ ሸራ ነበር። ማርያማዊት አንዱን ጫፍ ገለጠችው። እጥፋቱ ውስጥ ሮዝ ቀለም ተጋግሯል። ዘሩ የታጠበው እዚህ ነው፤ እጣቢው የወረደው ኩሬዋ ውስጥ ነው፤ በሬውም የሞተው በእሱ ነው። ንብረት እኔ ልቅሶ ላይ ሲንፈቀፈቅ ያየሁት ሰው ነው። እንዴት ብዬ ልመን?

ንብረት መኪናችንን አይቶ ኖሮ እያለከለከ መጣ። ሸራውን በእጇ ሲያይ ቆመ።

«አያ ንብረት፣ ለተቸገረ ሰው ከመጣው ዘር ቀንሰሃል» አለችው።

«ከዚያ የተረፈ ነው... አንዳንዱ ሰው መጥቶ ያልወሰደው...»

«አጥበኸዋል። ወቅጠኸዋል።»

«አጥቤዋለሁ!» አለ በድንገት፤ ፊቱ ልክ ሊያድነው የሚችል ቃል እንዳገኘ ሰው በራ። «ውሃው እስኪጠራ አጥቤዋለሁ! ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። መርዝ የነካውን ስንዴ፣ ነቀዝ የነካውን ሽምብራ፣ ሁሉንም እናጥብ የለ? ሰው ለመግደል ነው ወይ የማጥበው?»

«መርዙ በውሃ ይሟሟል ንብረት። ስታጥበው የላዩ ቀለም ሄደ፤ መድኃኒቱ ግን ወደ ፍሬው ሰረገ። ባታጥበው ኖሮ ቀለሙን አይተው ማንም አይነካውም ነበር።»

ጭቃ የያዘውን እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ግን ለምን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠህ?» አልኩት እኔ። አላስችል ብሎኝ ነው። «ልትሸጠው ነበር አይደል? ሽጠው! ለምን ለሚካኤል?»

ጥያቄው ራሱ እንዳልገባው ሁሉ አየኝ። «ለሚካኤል ሳልሰጥ እንዴት እሸጣለሁ? አባቴም አያቴም አዲስ እህል ቤት ሲገባ የሱን ድርሻ ሳያወጡ አልቀመሱም። ከየት እንዳመጣኸው እንዳልባል ነው በሌሊት ያስቀመጥኩት።»

ሌባ አውቃለሁ። ከሰረቀው ላይ የመልአኩን ድርሻ የሚያወጣ ሌባ ግን ያን ዕለት አየሁ፤ ሦስት ሰው የገደለውም የሰረቀው ሳይሆን የሰጠው ነው።

«ካወቅህ በኋላስ? ሬሳ ስታይስ?» አለች ማርያማዊት።

«የኔ አይደለም አልኩ ለራሴ። አጥቤዋለሁ፣ ስለዚህ የደሞዝ ነው አልኩ። ጆንያው የደሞዝ ነዋ።» ድምፁ ወረደ። «ልቤ ግን አላረፈም። የቀረውን ዛሬ ማታ ጉማራ ወንዝ ልጥለው ነበር።»

«የት ነው ያለው?»

ወደ ጎተራው ሮጠ። እኛም ተከተልነው። ክዳኑን አነሣ፤ እጁን አስገባ፤ እስከ ትከሻው ድረስ አስገባ። ከዚያ ዞሮ ሲያየን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ብቅ አለች። «ይርገዱን ነው የምትፈልጋት? ሚስትህማ ልቅሶ ቤት ሄዳለች። አንተ ቀብር እያለህ ስትቀቅል ነው የዋለች። ሩዙን ከሽምብራ ጋር አድርጋ ትልቁን ንፍሮ ይዛ፣ ሴቶቹም አግዘዋት ሄዱ። እግዜር ይስጣት፣ በዚህ በክፉ ጊዜ።»

ንብረት ለሚስቱ አልነገራትም። ለዘር የመጣ መሆኑን እንኳ አታውቅም፤ የተገዛ እህል ነው ብሏት ነው የወቀጠችው። ጎረቤት ሲሞትበት ከጎተራው ያለውን ይዞ የማይሄድ ሰው ደግሞ በቁሐር የለም።

*

እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። ማርያማዊት ከፊት፣ ንብረት ከኋላ።

ሰውመሆን ደጅ የተጣለው ዳስ በሰው ሞልቷል። ከቀብር የተመለሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ንፍሮው በሰፌድ ሰፌድ እየሆነ መሐል ለመሐል እየዞረ ነው። ሴቶቹ በጭልፋ ይሰጣሉ። መሪጌታ ገና ጸሎት እያሳረጉ ስለነበር ማንም ገና አልጀመረም።

«እንዳትነኩት!» አለች ማርያማዊት እየሮጠች። «ማንም ንፍሮውን እንዳይቀምስ! ተመርዟል!»

ዳሱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ከዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። «ምነው ልጄ! ደሞዝን አሰራችሁ አይደል? ይህ ከደሞዝ የመጣ አይደለም፤ የይርገዱ እጅ ነው። የጎረቤትን ንፍሮ መርዝ ነው ማለት በልቅሶ ቤት ነውር ነው!» አሉና አንድ እፍኝ ዘገኑ። ሌሎችም እሳቸውን አይተው ወደ ሰፌዱ እጃቸውን ሰደዱ።

ማርያማዊት ዞራ የንብረትን ክንድ ያዘች። «እኔን አያምኑኝም። አንተ ተናገር።»

«ይገድሉኛል።»

«አዎ፣ ሊገድሉህ ይችላሉ።»

የሽማግሌው እጅ ወደ አፋቸው እየሄደ ነበር። ንብረት ገፍቶን ገባ፤ የሽማግሌውን እጅ መታና እፍኙ መሬት ላይ ተበተነ።

«የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የእርዳታ ዘር ነው! ሰርቄ፣ አጥቤ፣ ለሚካኤል የሰጠሁት እኔ ነኝ! ይሄይስን የገደልኩት እኔ ነኝ! ደሞዝ ምንም አላደረገም! አትብሉ፣ በማርያም አትብሉ!»

ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ ባንዴ ተነሡ። ዱላ የያዘ ዱላውን አነሣ። እጄ ወደ ሽጉጤ ሄደ፤ አውጥቼ ማን ላይ እንደማነጣጥር ግን አላውቅም ነበር።

ሰውመሆን ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ንብረትን ፊት ለፊት አየው። ጠዋት ከወገቡ ይዞ ያነሣውን፣ የልጁን ሬሳ የተሸከመለትን ሰው። ሊመታው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጀርባውን ለንብረት ሰጥቶ ወደ ሰዉ ዞረ።

«በልጄ ልቅሶ ላይ ሌላ ሬሳ አልፈልግም» አለ። «ሰፌዶቹን አንሡ። ለሕግ ስጡት።»

ወንዶቹ ቆሙ። መሪጌታ እያለቀሱ ሰፌዶቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመሩ። የቀመሰ አለ ወይ ብዬ በየተራ ጠየቅሁ፤ ማንም የለም። ማንም! «ተመስገን!» አልኩ። ማርያማዊትም ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ያኔ ነው ይርገዱን ያየሁት። ከዳሱ ጥግ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ቆማለች። ባሏን ነው የምታየው። ላቧ ከግንባሯ ይወርዳል፤ በዝናብ ቀን።

«እኔ ቀምሻለሁ» አለች።

«ምን?» አለ ንብረት።

«ጨው። ጨው አንሶት እንደሁ ብዬ... አንዴ ቀመስኩ፣ ጨው ጨመርኩ፤ ደግሞ ቀመስኩ። እንዳያፍሩብኝ ብዬ።»

ንብረት ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። እሷ ናት የመጣችው። ጭልፋውን ቀስ አድርጋ ሰፌድ ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔም ደገፍኳት። ቆዳዋ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል።

«የተገዛ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው ስታልፈው።

ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ማርያማዊት የይርገዱን ጭንቅላት ደግፋ ወደ ሆስፒታሉ ትደውላለች፤ ንብረት ከዳሱ ደጅ፣ ሰውመሆን አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የሚስቱን ስም ይጠራል። ይርገዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ መኪናውን አስነሣሁ።